አንበሳና ፎክስ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?

(ለንደን ውስጥ በአንድ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ለወላጆችና ለልጆች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች፣ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ባለፈው እዚሁ አዳራሽ ስለ ዱር እንስሳት ስናወራ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አንበሳና ፎክስ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» አለኝ። ፎክስ ያለው የለንደኑን ቀበሮ ነው። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁና «አንበሳ ነዋ!» ብዬ አለፍኩት። ቤት ስገባ ግን ጥያቄው ከራሴ አልወጣ አለ። በአንድ ጥፊ ከሆነ፣ አዎ፣ አንበሳ ነው። ጠቡ ሁለት ሺህ ዓመት ቢቆይስ? ዛሬ የመጣሁት ያንን ልጅ እንደገና ልመልስለት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ሁለቱን እንስሳት አንድ ላይ ያጋጠመ ሰው ታውቃላችሁ። ሶምሶን ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ የአንበሳ ደቦል እያገሳ መጣበት፣ በባዶ እጁ ቀደደው። ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ 300 ቀበሮዎች ይዞ ጅራት ከጅራት አሰረና፣ ችቦ አስሮባቸው በፍልስጥኤማውያን እህል ላይ ለቀቃቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ነው። አንድ አንበሳ መግደል የጉልበት ጉዳይ ነው። 300 ቀበሮ መያዝ ግን እንዴት ተደርጎ?

ይህን ጥያቄ ሌሎችም ጠይቀውታል። በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል «ሹዓል» ነው። በዛሬው ዕብራይስጥ ፎክስ ማለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ግን እዚያ ቦታ ላይ ጃካል የሚባለውን ሌላ የቀበሮ ዓይነት ለማለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ጃካል አብሮ ይሄዳል፣ ፎክስ ግን አደኑን የሚወጣው ለብቻው ነው፣ እንደ መንጋ አይነዳም።

እኛም ዘንድ ያው ነው። «ቀበሮ» ስንል ጃካሉንም፣ ፎክሱንም፣ ሌላውንም አንድ ላይ ነው የምንጠራው። ይባስ ብሎ የለንደኑን ፎክስ ሙሉ የእንግሊዝኛ ስም፣ «ሬድ ፎክስ» የሚለውን፣ ቃል በቃል ብትተረጉሙት «ቀይ ቀበሮ» ይመጣል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሰሜንና የባሌ ተራሮች እንስሳችን ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ፈረንጆቹም ድሮ «የሰሜን ፎክስ» ይሉት ነበር። በኋላ ዘረመሉ ሲመረመር ዘመዱ ተኩላ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ «የኢትዮጵያ ተኩላ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ለዛሬ አንድ ነገር እንስማማ። የለንደኑን «ፎክስ» እለዋለሁ፣ የኛውን «ቀይ ቀበሮ»። የአማርኛ አስተማሪዎች ይቅር በሉኝ።

ልዩነቱን ያለ ዘረመል ምርመራ የደረሰችበት እናቴ ናት። እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ልትጠይቀኝ በጥር ወር መጣች። በሦስተኛው ሌሊት ከጓሮ በኩል ጩኸት ተሰማ። የለንደን ሰው ያውቀዋል፣ ሴት ልጅ የምትታረድ ነው የሚመስለው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ተነስ፣ ሰው እየገደሉ ነው፣ ፖሊስ ጥራ!» አለች። ጥር የፎክስ የመራቢያ ወቅት እንደሆነ፣ የምትጮኸውም ሴቷ እንደሆነች አስረዳኋት። አላመነችኝም። በመስኮት አሳየኋት። ፎክሱ አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ በአጥሩ ጠርዝ እንደ ገመድ ላይ ተጫዋች እየተራመደ ሄደ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ይሄማ ቀበሮ አይደለም። የኛ ቀበሮ እግሩ ረጅም ነው። ይሄ ድመት ነው» አለች።

እናቴ የተናገረችውን ቆይቼ ሳስበው ትክክል ነበረች። ፎክስ በዘሩ ከውሻ ወገን ነው። አንበሳ ከድመት ወገን። ዓይናቸውን ግን እዩ። የቤት ድመት ዓይን በብርሃን ሲጠብ ብሌኑ ቀጥ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ይሆናል። የፎክስም እንደዚያው ነው። የአንበሳ ብሌን ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ክብ ነው። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳል። ለመሬት ቀርበው፣ አድብተው ዘለው የሚይዙ ትናንሽ አዳኞች ርቀትን በትክክል ለመለካት ቀጥ ያለው ስንጥቅ ይጠቅማቸዋል። ቁመቱ ከፍ ላለ እንስሳ ጥቅሙ ያንሳል። ፎክስ የፊት እግሩን ጥፍርም በከፊል ይሰበስባል። አደኑም የድመት ነው፣ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ይዘላል፣ በሁለት እጁ ይጫናል።

ክብደታቸውን ላንሳ። ወንድ አንበሳ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ይመዝናል። የእንግሊዝ ፎክስ ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ከወፍራም ድመት ብዙ አይበልጥም። እንግዲህ አንድ አንበሳ ወደ 30 ፎክስ ነው። ልጆች፣ ጠቡ እዚህ ጋ አልቋል ብላችኋል። ገና ነው።

ትልቅነት ዕዳ አለበት። አንበሳ በአይጥ አይኖርም። የሜዳ አህያ፣ ጎሽ፣ አጋዘን ያስፈልገዋል። ያን ያህል እንስሳ እንዲኖር ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፣ ሣር ያስፈልጋል፣ ውሃ ያስፈልጋል። አንበሳ ባንዴ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ሥጋ መብላት ይችላል። ይህን ስትሰሙ ሆዳም አትበሉት። ነገ ያገኝ እንደሆነ አያውቅም። ከሚሞክራቸው አደኖች አብዛኞቹ ይከሽፋሉ። ለዚህ ነው በቀን 20 ሰዓት ያህል ተጋድሞ የሚውለው። ጉልበት መቆጠብ ነው። (ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋ ላይ ስታየኝ ይህን ምክንያት አልተቀበለችኝም።)

ከድመት ወገን ሁሉ በቤተሰብ ተሰባስቦ መኖርን ሥራዬ ብሎ የያዘ አንበሳ ነው። የመንጋው ባለቤቶች ሴቶቹ ናቸው። እህትማማቾች፣ አክስት፣ እናት፣ ልጅ። አደን ይወጣሉ፣ ግልገሎቻቸውን እየተጋገዙ ያጠባሉ፣ የአንዷን ሌላዋ ታጠባለች። ወንዶቹ እንግዶች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው ከሌላ ቦታ ይመጣሉ፣ የነበሩትን ወንዶች ያባርራሉ፣ ጥቂት ዓመት ይቆያሉ፣ እነሱም በተራቸው ይባረራሉ። አዲስ የገቡት ወንዶች የሚያደርጉትን ነገር ልጆች ባይሰሙት እመርጥ ነበር፣ ግን እውነት ነው። ያገኟቸውን ጥቃቅን ደቦሎች ይገድላሉ። ደቦሏ የሞተባት እናት ቶሎ ለመፀነስ ዝግጁ ትሆናለች። አዲሱ ወንድ ጊዜው አጭር ነው፣ የሌላውን ልጅ አሳድጎ አይጨርስም። ይህን ስታውቁ አንድ ነገር ይገባችኋል። አዳኝ ሰው አንድ ጎፈራም ወንድ ሲገድል የሚሞተው አንድ አንበሳ ብቻ አይደለም። በሩ ለሌላ ወንድ ተከፈተ፣ ደቦሎቹም አብረው ሄዱ።

ጎፈር ካልኩ አይቀር። ጎፈር ለአባቶቻችን የጀግና ልብስ ነበር። አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈሩን ራሱ ላይ ያደርጋል። ለአንበሳውስ ምን ይጠቅመዋል? ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉ ተመራማሪዎች በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ፓርክ ውስጥ የአንበሳ አሻንጉሊት ሠርተው አቆሙ፣ በእውነተኛው አንበሳ ልክ። አንዱ ጎፈሩ ጥቁር፣ ሌላው ገረጣ ያለ። አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር። ከዚያ እውነተኞቹ አንበሶች ምን እንደሚያደርጉ አዩ። ሴቶቹ ወደ ጥቁሩ ሄዱ። ወንዶቹ ከጥቁሩና ከረጅሙ ሸሹ። ሥራው በ2002 ታተመ። ግን ጥቁር ጎፈር በነጻ አይገኝም። ሙቀት ይይዛል፣ ባለቤቱ በፀሐይ ይቃጠላል። ለሴት ለመታየት ካቦርት ለብሶ ጅቡቲ ላይ መንሸራሸር በሉት።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ 6 ኪሎ አንበሳ ግቢን ታስታውሳላችሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ያቋቋሙት ነው። የእነዚያ አንበሶች ጎፈር ጥቁር ነው፣ ደረታቸውን አልፎ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ከሌሎች ከተመረመሩት አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ልጅ ሆኜ በአጥሩ ቀዳዳ ሳያቸው ሽታቸው ብቻ ነበር የሚታወሰኝ። ያን ያህል ብርቅ መሆናቸውን ማን ነገረን?

አሁን ወደ ፎክስ ልምጣ። ፎክስ የማይበላው የለም። አይጥ፣ ጥንቸል፣ ጥንዚዛ፣ እንጆሪ፣ የወፍ እንቁላል። እንግሊዝ አገር ዝናብ በጣለ ሌሊት ሣሩ ላይ የሚወጣውን የምድር ትል እንደ ስፓጌቲ እየሳበ ይበላል። የተረፈውን አይተወውም። ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት አድርጎ ይቀብራል። ሁሉንም ባንድ ቦታ አያስቀምጥም፣ እንደ እቁብተኛ አሮጊት። በፋሲካ ማግስት የዶሮ ወጥ አጥንታችንን የያዘ ላስቲክ ውጭ አሳድሬ ነበር። ጠዋት ስነሳ አጥንቱ የለም። ከአንድ ሳምንት በኋላ የጎረቤቴ የአበባ መደብ ውስጥ አንድ ቅልጥም ተገኘ። ጎረቤቴ የምን ዓይነት ሰው ጎረቤት እንደሆነች እያሰበች መሆኑ ታወቀኝ።

አደኑ ደግሞ ድንቅ ነው። በረጅም ሣር ወይም በበረዶ ሥር ያለች አይጥ አትታየውም። በጆሮው ነው የሚያገኛት። ይቆማል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ ሽቅብ ይዘልና በአፍንጫው ይወርዳል። የቼክ ተመራማሪዎች ወደ 600 የሚጠጉ ዝላዮች መዝግበው በ2011 ያሳተሙት ነገር አለ። ፎክሶቹ የሚዘሉት በአብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረው ነው። አይጧ በተሸፈነችበት ቦታ ወደዚያ ሲዘሉ ከመቶ 73 ያህሉ ይሳካል። ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘሉም ከመቶ 60 ያህል። ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሆን 18 ብቻ። ተመራማሪዎቹ ያሰቡት ፎክስ የመሬትን መግነጢስ እንደ ርቀት መለኪያ ይጠቀምበታል ብለው ነው። እኔ ባለ ስልክ ሆኜ ባቡር ጣቢያ እጠፋለሁ።

ቤተሰቡም ቢሆን ቀላል ነው። ሴቷ 52 ቀን ያህል አርግዛ አራት አምስት ቡችላ ትወልዳለች። አባትየው ምግብ ያመላልሳል። ካቻምና የተወለደች ልጅ ካልሄደች ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ሁሉ የሚተርፍ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፣ ብዙዎቹን የሚጨርሳቸው መኪና ነው። ግን በየዓመቱ ይተካሉ። አንበሳ ደቦሎቿን ሁለት ዓመት ያህል ታሳድጋለች። የፎክስ ቡችላ በመጋቢት ተወልዶ በመስከረም ራሱን ይችላል።

ለንደንም የተሠራላቸው ይመስላሉ። በ1930ዎቹ ከተማው ወደ ዳር ሲሰፋ፣ ባለ ጓሮ ቤቶች ሲበዙ፣ ፎክሶቹ ገቡ። በ2011 «ሻርድ» የሚባለው ረጅሙ ፎቅ ገና እየተሠራ ሳለ 72ኛው ፎቅ ላይ አንድ ፎክስ ተገኘ። በደረጃ ወጥቶ፣ ሠራተኞች የጣሉትን ፍርፋሪ እየበላ ከርሟል። እኔ በሌሊት ሥራ ላይ ሳለሁ ንጋት ላይ ስመለስ መንገድ መሃል ቆሞ ያየኝ ነበር። አይሸሽም። «አንተም ከሥራ ነህ?» የሚል ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጠቡ። አንበሳና ፎክስ በእውነት አብረው የኖሩባቸው አገሮች አሉ። አፍሪካ ከሰሐራ በታች የለንደኑ ዓይነት ፎክስ የለም። ግብፅ ውስጥ በዓባይ ሸለቆ ይኖራል፣ ወንዛችንን ይዞ ግን እስከ እኛ አልወጣም። አብረው የነበሩት በሰሜን አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በግሪክ ጭምር ነው። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው የፋርሱ ንጉሥ ዘርክሲስ በ480 ዓመተ ዓለም ግሪክን ሊወጋ ሲያልፍ አንበሶች ሌሊት ሌሊት እየመጡ ግመሎቹን ይበሉበት ነበር። እዚሁ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከነነዌ የመጡ የድንጋይ ቅርጾች አሉ። የአሦሩ ንጉሥ አሹርባኒፓል አንበሳ ሲያድን ያሳያሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መግቢያው ነጻ ነው። ቀስት የተወጋችውን፣ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች የምታገሳውን አንበሳ ፈልጓት። ከዮናስ ጾም ጋር የምናውቃት ነነዌ ናት።

ዛሬ ነነዌ ባለችበት ኢራቅ አንበሳ የለም። ግሪክ የለም። ኢራን ውስጥ የመጨረሻዎቹ የታዩት በ1940ዎቹ ነው። ሞሮኮ ውስጥ በ1942 አንድ ተገደለ፣ ዛሬ በሰሜን አፍሪካ የዱር አንበሳ የለም። በሶምሶን አገርም በመካከለኛው ዘመን ጠፉ። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ፎክስ አለ። እስራኤል አለ፣ ኢራቅ አለ፣ ግሪክ አለ፣ ሞሮኮ አለ። የኔ ልጅ፣ ያልኩህ ይህ ነው። ጥፊ አልተለዋወጡም። አንዱ ቀረ፣ አንዱ ሄደ።

ለምን? በሬ የበላ አንበሳና ዶሮ የበላ ቀበሮ እኩል አይከሰሱም። አንበሳ በሬ ሲበላ የአንድ ቤት እርሻ ነው የበላው። ገበሬው ጦር ያነሳል፣ ዛሬ ደግሞ መርዝ። ፎክስም ይታደናል፣ እንግሊዞች ለብዙ ዘመን በፈረስና በውሻ አሳደውታል፣ በሕግ የተከለከለው ገና በ2004 ነው። ግን ትንሽ ነው፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ሌሊት ይወጣል፣ ከሰው የተረፈውን ይበላል። እንዲያውም አውስትራሊያ ውስጥ ለአደን ስፖርት ብለው በ19ኛው መቶ ዘመን ወስደው ለቀቁት። አሁን የአገሩን ትናንሽ እንስሳት እየፈጀ ነው፣ ማጥፋትም አቅቷቸዋል።

አንበሳ ዛሬ አፍሪካ ውስጥ ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ያህል ነው የቀረው። እስያ ውስጥ ያለው በሕንድ ጉጃራት ግዛት፣ በጊር ጫካና በዙሪያው ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ጥቂት ደርዘን ብቻ ቀርተው ነበር። የአካባቢው፣ የጁናጋድ፣ ገዢ አደን ከለከለ፣ ቁጥራቸው በዛ። በ2025 ሲቆጠሩ 891 ሆኑ። እኛም ጋ በ2016 ደስ የሚል ወሬ መጣ። ሱዳን ድንበር ላይ በአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች በካሜራ ተቀረጹ፣ ዱካቸውም ተገኘ። የአካባቢው ሰው እንዳሉ ያውቅ ነበር፣ የማያውቀው የውጭው ዓለም ነው።

ሰው ሁለቱንም ሊያላምድ ሞክሯል። አፄ ቴዎድሮስ አንበሶቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ ነበር፣ እንግዳው እንዴት እንደሚሆን ገምቱት። ግን የለመደ አንበሳ ልጁ አውሬ ሆኖ ነው የሚወለደው። በፎክስ ግን በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ ሩሲያዊ ሳይቤሪያ ውስጥ ሙከራ ጀመረ። በየትውልዱ ሰው የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ አራባ። ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ ጅራታቸውን የሚቆሉ፣ ሰው ሲያዩ የሚያላዝኑ ፎክሶች ተወለዱ። አንዳንዶቹ ጆሯቸው ወደቀ፣ ቡራቡሬ ሆኑ። ውሻ የሆኑ ያህል ነው።

ውሻ ካነሳሁ፣ የመጨረሻው ነገሬ እሱ ነው። በ1994 ሴሬንጌቲ ውስጥ አንበሶች እየተንዘፈዘፉ መሞት ጀመሩ። ከሦስቱ አንዱ ያህል አለቀ፣ ወደ አንድ ሺህ አንበሳ። በሽታው ዲስቴምፐር የሚባል የውሻ በሽታ ነበር፣ በፓርኩ ዙሪያ ካሉ መንደሮች ውሾች የመጣ። የባሌ ቀይ ቀበሮዎችንም በተደጋጋሚ የፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እሱም ከእረኞች ውሾች ነው። አዋቂ ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 ያነሰ ነው።

አውሮፓም የእብድ ውሻ በሽታ ነበረባት፣ ዋናው ተሸካሚ ደግሞ ፎክስ። መግደል ሞከሩ፣ አልሆነም፣ የሞተውን ሌላ ይተካዋል። በ1978 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌላ ዘዴ መጣ። በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ ክትባት ከተው ሜዳ ላይ በተኑት። ሆዳሙ ፎክስ በላው፣ ተከተበ። ዘዴው እየተስፋፋ ምዕራብ አውሮፓን ከፎክስ የእብድ ውሻ በሽታ አጸዳ።

በ2018 ይኸው ዘዴ ባሌ ደረሰ። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀይ ቀበሮዎቹ ተሰጠ። የለንደኑ ሌባ ዘመዶች ላይ የተሞከረው መድኃኒት የኛን ቀይ ቀበሮ እየጠበቀ ነው። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት «የፍየል ሥጋ? እኛ እንኳ በዚህ ኑሮ ...» አለችና ሳቀች።

እዚህ ላይ ላቁም። ያ ልጅ ከኋላ እጁን አውጥቶ ቆይቷል፣ መጀመሪያ ለእሱ ልስጥ።